ቢምቢ በሌለበት የቀባኋት ቀን

እህቴ ከአረብ አገር ስትመለስ ልጇ ስድስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርተዋት ነበር። ትታልኝ የሄደችው የአስር ወር ሕፃን ሳለች ነው። በመሀል ያለው ሁሉ የእኔ ነበር። የመጀመሪያ እርምጃዋ፣ ኩፍኝ የወጣባት ሳምንት፣ መዋዕለ ሕፃናት የገባች ቀን ቀሚሴን ጨምድዳ ያለቀሰችው ልቅሶ፣ ሁሉም የእኔ። እኔን «እማ» ትለኛለች። እናቷን በስልክ እያየች ስላደገች «የስልኳ እማዬ» ነበር የምትላት። ጎረቤት ሰምቶ ሲስቅ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር ማለት ነውር ነው፤ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

የምንኖረው ሽሮ ሜዳ ነው፣ ከዋናው መንገድ ሽቅብ በሚወጣ ቅያስ ውስጥ። አባታችን ከጋሞ ደጋ በልጅነቱ መጥቶ፣ እዚህ ሲሸምን አርጅቶ፣ እዚሁ የተቀበረ ሰው ነው። እሱ ከሞተ በኋላ እናታችን አርባ ምንጭ ወንድማችን ዘንድ ገባች፤ ቤቱ ለእኔና ለልጅቷ ቀረ። ሥራዬ መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ መሸጥ ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ቁጭ ብዬ የነጠላ ጫፍ እቋጫለሁ። አላገባሁም። ልጅም አልወለድኩም። ሰው «ልጅሽ እንዴት አደገች!» ሲለኝ «የእህቴ ናት» ብዬ ያረምኩት በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ «እግዜር ይመስገን» እያልኩ አልፍ ነበር።

እህቴ የመጣች ዕለት ልጅቷ ከኋላዬ ተደብቃ በጎን አጮልቃ አየቻት። እህቴ መሬቱ ላይ ተንበርክካ እጇን ዘረጋች። ልጅቷ አልሄደችም። እኔ «ሂጂ እንጂ፣ እናትሽ እኮ ናት» አልኩ፤ እጄ ግን ትከሻዋን አልለቀቀም ነበር። እህቴ አይታው ይሆን? እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

በመጀመሪያው ሳምንት የቤቱ አዛዥ እኔ ነበርኩ። ልጅቷ ምን እንደምትበላ፣ በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ፣ ሽንት ቤት ስትገባ በሩ ለምን እንዲዘጋባት እንደማትፈልግ ለእህቴ አስረዳታለሁ። እሷ እንደ እንግዳ አንገቷን እየነቀነቀች ትሰማኛለች። ከዚያ ነገሩ ቀስ በቀስ ተገለበጠ። እህቴ ፓስታ በወተት ትሠራለች፤ እዚያ የተማረችው ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ልጅቷ የእኔን ሽሮ በጣቷ ገፋ አድርጋ «የእማዬን ፓስታ ነው የምፈልገው» አለች። እማዬ! «የስልኳ» የሚለው መቼ ወድቆ እንደቀረ አላወቅኩም።

ከዚያ በኋላ ያደረግኋቸውን ነገሮች ስናገር አፍራለሁ። እህቴ ሹሩባ ሠርታላት ወጣ ስትል፣ «በጣም ጠብቋል፣ ራሷን ያማታል» ብዬ ፈትቼ እንደገና ሠራሁት። ከትምህርት ቤት የምትወጣበት ሰዓት ሳይደርስ ሱቁን ለጎረቤቴ አደራ እልና ቀድሜ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ እህቴ ስትደርስ የልጅቷ እጅ በእኔ እጅ ውስጥ እንዲሆን ነው። አንድ ቀን እንዲሁ ቀድሜ ቆሜ ሳለ አንዲት የክፍሏ ልጅ «እናትሽ መጣች» አለቻት። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና፣ «አይ፣ ይቺ እኮ አክስቴ ናት። እማዬ አሁን ትመጣለች» አለች። በክፋት አልነበረም። እውነቱን ነው የተናገረችው። እኔ ግን ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም። ልጅቷ «አመመሽ?» ብላ ስትጠይቀኝም ዝም አልኳት።

አዲስ ዓመት እንደገባ እህቴ እራት ላይ፣ «ለመስቀል ልጄን ይዤ እማዬ ጋ እወርዳለሁ» አለች።

ለእኛ ለጋሞዎች መስቀል የዓመቱ ትልቅ በዓል ነው። ያን ሰሞን የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሥራውን አቁሞ ወደ አገሩ ይነቀላል። እኔ ግን ነጋዴ ነኝ፤ ከዘመን መለወጫ እስከ መስቀል ያሉት ቀናት ናቸው ዓመቱን የሚያሻግሩኝ። እህቴ ይህን ታውቃለች። ትሄጂያለሽ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። «ልጄን ይዤ» ነው ያለችው። ያችን «ልጄን» የምትል ቃል ስንት ቀን በሆዴ ይዤ ዞርኩ።

እናታችን ያለችበት ቆላ ነው፣ ወባ አለ። የእኛ ሰፈር ከእንጦጦ ሥር ስለሆነ ብርዱ ቢምቢን እምብዛም አያስቀምጥም፤ ልጅቷ በሕይወቷ የምታውቀው ቁንጫን ነው። እህቴ አስቀድማ አጎበር ገዛች፣ እጅጌያቸው ረጅም የሆኑ ስስ ልብሶች ለይታ አጠፈች። ከዚያ «የቢምቢ ቅባት እንግዛ፣ አብረሽኝ ነይ» አለችኝ። ሄድኩ። ስድስት ኪሎ ወርደን አንድ ፋርማሲ ገባን። ባለፋርማሲዋ ሁለት ዓይነት አውጥታ አስቀመጠች፤ እህቴ አንዱን አንስታ ጀርባውን እስከ መጨረሻው አነበበች።

«ይሄ ለስድስት ዓመት ልጅ አይበረታም?»

«ለእሷስ ያኛው ይሻላል፣ ለልጆች ነው የተዘጋጀው» አለች ባለፋርማሲዋ። «አቀባቡን ታውቂዋለሽ?»

«በራሴ መዳፍ ላይ አድርጌ በስሱ እቀባታለሁ እንጂ ፊቷ ላይ አልረጭባትም። ዓይኗና አፏ አካባቢ አላደርስም። እጇንም አልቀባም፤ ልጅ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል፣ ዓይኑን ያሻል። የቆሰለ ወይ የተጫረ ቦታ አልነካም። ልብስ የሸፈነውን ገላ ደግሞ መቀባት አያስፈልግም። ለመኝታ ስንገባ በሳሙና አጥባታለሁ።»

ባለፋርማሲዋ ሳቀች። «የጤና ባለሙያ ነሽ እንዴ?»

«አይ» አለች እህቴ። «ልጆች አሳድጌያለሁ።»

ልጆች አሳድጌያለሁ! ከጎኗ ቆሜያለሁ እኮ። ልጇን ያሳደግኩት እኔ ከጎኗ እንደ ሻንጣ ቆሜ፣ እሷ ልጆች አሳድጌያለሁ አለች። ባለፋርማሲዋ ቀጥላ «ጽሑፉ ላይ ካለው ሰዓት በፊት አትደጋግሚው፤ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ አስቀምጪው» ስትል ጆሮዬ በደንብ አልሰማም። ስንወጣ እህቴ ትንሿን ጠርሙስ ቦርሳዋ ውስጥ በጥንቃቄ አስገባች። በታክሲው ውስጥ ስለ በዓሉ ታወራኛለች፤ እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየሁ «እህም» እላለሁ።

በማግስቱ ክር ልገዛ አዲሱ ገበያ ሄድኩ። መንገድ ዳር ላስቲክ ዘርግቶ ባትሪ፣ ምላጭ፣ የፀጉር ቅባት ከሚሸጥ ሰው ዘንድ አንድ ትልቅ የሚረጭ ጠርሙስ አየሁ። ላዩ ላይ ቢምቢ ተስሎ በቀይ መስመር ተሰርዟል። ጽሑፉ በማላውቀው ቋንቋ ነው።

«ይሄ ኃይለኛ ነው» አለኝ ሰውዬው። «ጫካ የሚገቡ ሰዎች የሚቀቡት ነው። ቢምቢ በአጠገብሽ አያልፍም።»

«ለልጅስ ይሆናል?»

«ለማንም ይሆናል፣ እህቴ!»

ገዛሁት። የእህቴ ጠርሙስ ትንሽ ነው፣ የእኔ ትልቅ ነው። የእህቴ ቀለል ያለ ነው፣ የእኔ ኃይለኛ ነው። ከዚህ ያለፈ ሐሳብ በጭንቅላቴ ውስጥ አልነበረም። ልጅቷ አንዲት ቢምቢ ሳትነካት ብትመለስ፣ እኔ በገዛሁት ነው የተረፈችው ይባልልኛል ብዬ ነው። ለእህቴ አላሳየኋትም፤ ከነጠላዎቹ ሥር ደበቅኩት።

የሚሄዱበት ቀን ንጋት ላይ እህቴ ሻንጣዎቹን እስከ ዋናው መንገድ ልታወርድና ታክሲ ልታቆም ወጣች። «ቀስቅሺያትና ልብሷን አልብሽልኝ፣ እትዬ» ብላኝ ነው የወጣችው። ልጅቷን ቀሰቀስኳት። አልጋው ላይ ዓይኗን ሳትገልጥ ቁጭ አለች።

ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ የቀን ሙሉ መንገድ ነው። ቢምቢ ያለበት አገር የሚደርሱት አመሻሽ ላይ ነው። አሁን ብቀባት አንዳች ጥቅም እንደሌለው አውቃለሁ። ግን አመሻሽ ላይ የምትቀባት እህቴ ናት።

በሩን ዘጋሁ። ጠርሙሱን ከደበቅኩበት አወጣሁ። ክንዷ ላይ ረጨሁ፣ እግሯ ላይ ረጨሁ። ካናቴራዋን ገልቤ ጀርባዋና ሆዷ ላይ ረጨሁ። ቁንጫ ነክሷት የጫረችው ቁርጭምጭሚቷ ላይ ስረጭ እግሯን ሰበሰበች። ትንንሽ እጆቿን ዘርግቼ ፊትና ጀርባቸውን አረጠብኳቸው። እህቴ ፋርማሲው ውስጥ «አላደርግም» ያለቻቸውን ነገሮች በሙሉ ነው ያደረግኩት፤ በእልህ ይሁን ሳልሰማ ቀርቼ፣ ለራሴም አይገባኝም።

«ይበርዳል፣ እማ» አለች በእንቅልፍ ድምፅ።

እማ! ስንት ሳምንት ያልሰማኋት ቃል። ያኔ ይብሱን ልቤ ሄደ። «ዓይንሽን ጨፍኚልኝ፣ የኔ እናት» አልኳት። ጨፈነችልኝ። ፊቷ ላይ ረጨሁ።

ከእንቅልፉ የተነሳ ልጅ የሚያደርገውን አደረገች። በሁለት እጆቿ ዓይኖቿን አሸች።

ጩኸቷ ቅያሱን ሰንጥቆ ወረደ። ምን ላድርግ? በነጠላዬ ጫፍ ልጠርግላት ብል ይብስ ተንፈራገጠች። ደግሜ ጠረግኩ፣ ደግማ ጮኸች። በሩ በኃይል ተከፈተ። እህቴ ናት። ሮጣ ነው የመጣችው፤ ልጅቷን አየች፣ ጠርሙሱን አየች፣ እኔን አየች።

«ዓይኗ ውስጥ ገባ?»

«አሸችው… እኔ እኮ…»

አልጨረስኩም። ልጅቷን አቅፋ ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ወጣች። ጭንቅላቷን ወደ ጎን ጋደም አድርጋ በስሱ ውሃ ታፈስባት ጀመር። «ክፈቺልኝ፣ የኔ ቆንጆ። ትንሽ ብቻ ክፈቺልኝ። ጎበዝ። ደግሞ አንዴ።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ወደ እኔ ሳትዞር፣ «እትዬ፣ ልብሷን አውልቂላት። እጇን በሳሙና እጠቢ። ከዚያ ገላዋን በሙሉ» አለችኝ። እንደታዘዝኩ አደረግኩ። ውሃው የእንጦጦ ብርድ ያለበት ነው፣ ጣቶቼ ደነዘዙ። ልጅቷ «እማዬ! እማዬ!» እያለች ትጮኻለች፤ እህቴ «አለሁ፣ አለሁ» ትላታለች።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ልጅቷ በእኔ ጥፋት ዓይኗ እየተቃጠለ፣ እኔ በዚያች ሰዓት እንኳ ያዳመጥኩት ማንን እንደምትጠራ ነበር። እኔን አልነበረም።

ብዙ ካጠብናት በኋላ በጋቢ ጠቅልለን፣ እህቴ ሻንጣዎቹን ጭና ዋናው መንገድ ላይ ባቆመችው ታክሲ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። የአርባ ምንጩ አውቶብስ በዚያን ሰዓት ወጥቷል። ነርሷ የልጅቷን ዓይኖች በባትሪ አየች፣ ደግማ በመድኃኒት ውሃ አጠበቻቸው።

«የቀባችኋትን ይዛችሁታል?»

እህቴ ከቦርሳዋ አወጣችው። መቼ እንዳነሳችው አላየሁም። ነርሷ ጠርሙሱን አገላብጣ አየችና ግንባሯን አኮማተረች። «ይሄ ምን እንዳለበት እንኳ አይታወቅም። ማንበብ የማትችሉትን ነገር እንዴት ልጅ ትቀባላችሁ? ማን ነው የቀባት?»

አንገቴን ደፋሁ። አፌን ልከፍት ስል እህቴ ቀደመችኝ።

«እኛ ነን» አለች። «ተሳስተን ነው።»

ነርሷ ሁለታችንንም ተቆጣችን። ቶሎ በብዙ ውሃ መታጠቧ እንደጠቀማት፣ ቅላቱ ቀስ በቀስ እንደሚለቃት፣ ዓይኗን ቢያማት ወይም ማየት ቢያስቸግራት ሳንዘገይ እንድንመልሳት፣ ለዛሬ ግን መንገድ እንዳትሄድ ነገረችን። ጠርሙሱን እዚያው አስቀረችው። «እኛ ነን» የሚለው ቃል ግን አብሮኝ ቤት መጣ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጅቷ ትንሽ ፓስታ በልታ ተኛች። እህቴ ቧንቧው ሥር ቁጭ ብላ የልጅቷን ልብሶች ታጥባለች። ሱቄን አልከፈትኩም። በርጩማ አምጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ስደቢኝ እንጂ» አልኳት።

ልብሱን አሽታ ጨመቀችው። «እኔ ይሄን ሁሉ የት እንደተማርኩት ታውቂያለሽ?» አለች። «እዚያ የምሠራበት ቤት ሰፊ አትክልት ቦታ አላቸው። አመሻሽ ላይ ልጆቹ እዚያ ይጫወታሉ፣ ቢምቢው አይጣል ነው። ሦስት ልጆች ናቸው። ከመውጣታቸው በፊት አሰልፌ እቀባቸዋለሁ፣ ሲገቡ አጥባቸዋለሁ። አንድ ቀን የትንሹን ልጅ እጅ ቀባሁና ሴትየዋ ጠርሙሱን ከእጄ ነጥቃ ጮኸችብኝ። ከዚያ በኋላ አልተሳሳትኩም። ትንሹ የልጄ እኩያ ነው፣ በወር ነው የሚበልጣት። ክንዱን ስቀባ የእሷም ክንድ ይሄን ያክላል እያልኩ ነው። በየቀኑ።»

በርጩማዬን ወደ እሷ አስጠጋሁ።

«በቪዲዮ ስትደውዪልኝ ፀጉሯን እያበጠርሽ ትሆኛለሽ። እሷ ጭንሽ ላይ ተኝታለች። ኔትወርኩ ተቆራረጠ ብዬ የምዘጋብሽ ትዝ ይልሻል? ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር፣ እትዬ።»

ይህን ስትነግረኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። አዎ፣ ደስታ። ቀንታብኝ ነበር! ያ ሁሉ ዓመት እሷ ነበረች የምትቃጠለው። ደስታው ግን ከጉሮሮዬ አላለፈም። እጆቿን አየሁ፤ በሳሙናው አረፋ ውስጥ ቀልተው፣ የልጅቷን ካናቴራ ለሦስተኛ ጊዜ እያጠቡ።

«ታዲያ ለምን አብረሽን ነይ አላልሽኝም?» አልኳት።

«ሱቅሽን ትዘጊያለሽ ብዬ አላሰብኩም። ደግሞ…»

«ደግሞ ምን?»

«ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻዬን ልይዛት ፈልጌ ነበር። አንቺ ባለሽበት ሲከፋት የምትሮጠው ወዳንቺ ነው።»

«ዛሬ ጠዋት ማንን ነበር የምትጠራው? አልሰማሽም?»

ቀና አለች። «ሰምቻለሁ» አለች። እሷም ሰምታው ኖሯል። ተነስቼ ልብሱን ከእጇ ተቀብዬ ገመዱ ላይ አሰጣሁት።

ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ነቃች። ዓይኖቿ ትንሽ ቀልተዋል፣ ግን ታያለች፣ ትስቃለች። እንደምትፈራኝ ጠብቄ ነበር። መጥታ ጉልበቴ ላይ ወጣችና «ሁለተኛ እንዳትረጪብኝ፣ እሺ?» አለችኝ፤ ልክ እኔ እሷን ስቆጣት በምጠቀምበት ድምፅ። «እሺ» አልኳት። «በእማዬ አምላክ በይ» አለች። በእማዬ አምላክ ማልኩላት።

ቅላቱ ሙሉ በሙሉ እስኪለቃት አንድ ቀን ጨምረው ሄዱ። እህቴ በጠዋት ልጅቷን ስታለብስ እኔ ሻንጣውን አወረድኩ። በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ እህቴ በቪዲዮ ደወለች። እናታችን ከኋላ ትታያለች፣ ግቢው ውስጥ ሰው ይጫወታል። እህቴ ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ቅባቱን መዳፏ ላይ አደረገች፤ ትንሽ ነው። የልጅቷን ክንድ በስሱ ቀባች፣ ከዚያ እግሮቿን። ለፊቷ በጣቶቿ ጫፍ ብቻ ግንባሯንና ጉንጮቿን ዳበሰች። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያለውን ጭረት ዘለለችው። እጆቿን አልነካቻቸውም። ልጅቷ ባዶ መዳፎቿን ወደ ስልኩ ዘርግታ «አየሽ፣ እጄን አይቀቡም» አለችኝ።

«አየሁ» አልኳት። ቅናቱ አልሄደም፤ እዚያው ደረቴ ላይ ነበር፤ እጆቼ ሥራ ፈትተው ጭኔ ላይ ተቀምጠዋል። ግን እስከ መጨረሻው አየሁ። ሲጨርሱ እህቴ ጠርሙሱን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀለችውና ሮጠው ወጡ።

ከበዓሉ መልስ እህቴ ሥራ አገኘች፤ ቀጨኔ ቤት ተከራይታ ልጇን ይዛ ወጣች። ያን ቀን የተሰማኝን አልጽፈውም። ሩቅ አይደለም፤ በእግር የሚኬድ ነው። ልጅቷ ቅዳሜ ጠዋት ትመጣለች፣ ሱቅ ውስጥ ከጨርቆቹ መሀል ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ አብረን እናድራለን። ደንበኛ «ልጅሽ ናት?» ብሎ ሲጠይቅ እሷ ቀድማ ትመልሳለች፤ አንድ ቀን «አዎ» ትላለች፣ ሌላ ቀን «አክስቴ ናት» ትላለች። እንደ ቀኑ ነው።

እሁድ ከሰዓት እናቷ ልትወስዳት ትመጣለች። ጫማዋን የማስርላት እኔ ነኝ፤ ቀስ ብዬ ነው የማስረው። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። አታቻኩለኝም።